ስለ ሶፋ እንዲጽፍ የታዘዘው ሰው፦ የዊልያም ኩፐር ሕይወት

ከአልጋ ወርዶ ፊትን መታጠብ እንኳ ተራራ የመውጣት ያህል የሚከብድበትን ጠዋት ታውቁት ይሆናል። በራሳችሁ ባይደርስ በወንድማችሁ፣ በእህታችሁ ወይም በጉባኤ አጠገባችሁ በሚቀመጥ ሰው ላይ አይታችሁት ይሆናል። ያ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት እንቅልፍ ሳያምረው ሲጸልይ፣ ሲዘምርና ዕቅድ ሲያወጣ ያድር የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ስልክ ማንሣት አቅቶታል። ሐኪሞች ይህን ከፍታና ዝቅታ የሚፈራረቅበትን ሕመም ባይፖላር ይሉታል።

ላወጋችሁ የፈለግሁት በ1800 ስለሞተ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔና የመዝሙር ደራሲ ነው። ስሙ ዊልያም ኩፐር ይባላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኋቸው)። በእርግጥ ከሞተ 200 ዓመት ያለፈውን ሰው መርምሮ የሕመሙን ስም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሕይወቱን ካጠኑት መካከል ብዙዎች ምልክቱ የባይፖላር ይመስላል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እየተመላለሰ የሚመጣ ከባድ ድብርት ነው ይላሉ። ስሙ ምንም ይሁን፥ ሰውዬው ከወጣትነቱ እስከ ሞቱ ተሸክሞት ኖሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኩፐርን ታላቅ ያሰኙት ሥራዎች አብዛኞቹ እርሱ አስቦ የጀመራቸው አልነበሩም። ሰዎች ለምነውት፣ አንዳንዴም ገፋፍተውት፣ እያመነታ የጀመራቸው ናቸው።

ኩፐር በ1731 በሃርትፎርድሺር ግዛት በበርካምስቴድ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ። እናቱ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት፤ ኀዘንዋም እስከ እርጅናው አልወጣለትም። አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከና አንድ ትልቅ ልጅ ክፉኛ ያሠቃየው ነበር። ካደገ በኋላ አባቱ እንደ ወደዱለት ሕግ ተማረ፤ በ1754 ጠበቃ ሆነ፤ ነገር ግን ሙያውን አልወደደውም። የአጎቱን ልጅ ቴዎዶራን አፈቀረ፤ አባትዋ ግን ጋብቻውን ከለከሉ። እርስዋም እርሱም ሳያገቡ ኖረው ሞቱ።

ትልቁ ውድቀት የመጣው በ1763 ነው። አንድ ዘመዱ በሎርዶች ምክር ቤት የመዝገብ ጸሐፊነት ሥራ አገኘለት። ጥሩ እንጀራ ነበር። ሹመቱን የሚቃወሙ ሰዎች ተነሡና ኩፐር በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ እንዲፈተን ተወሰነ። ለወራት በየቀኑ ወደ ቢሮው እየሄደ መዛግብቱን ያገላብጥ ነበር፤ የሚያነበው ግን አንዱም አይገባውም ነበር። ቀኑ ሲቀርብ ፍርሃቱ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ራሱን ለማጥፋት ደጋግሞ ሞከረ፤ እግዚአብሔር ግን ጠበቀው። ዘመዶቹም በሴንት አልባንስ ከተማ ዶክተር ናትናኤል ኮተን ወደሚመሩት የአእምሮ ሕሙማን ቤት ወሰዱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ስለ ከባድ ሥራ በረከት ስንሰብክ የ1763ቱን ፈተና መርሳት የለብንም። ያ ሥራ ኩፐርን አልጠቀመውም፤ ሰበረው። ስለዚህ የታመመን ሰው ተነሥ፣ ሥራ፣ በርታ እያልን የምናስጨንቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ለበትራችን ድጋፍ አድርገን እንዳንወስደው እፈራለሁ።

ዶክተር ኮተን አማኝና ገር ሰው ነበሩ። በ1764 ኩፐር በዚያ ቤት ሳለ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ሮሜ 3፥25 ላይ ዓይኑ ዐረፈ። ክርስቶስ ስለ ኃጢአቱ የከፈለው ዋጋ ለእርሱም እንደሚበቃ በዚያ ሰዓት ገባው። ደስታው እንባ ሆኖ ፈሰሰ። ሐኪሙ ግን ከጥልቅ ተስፋ መቁረጥ በድንገት ወደዚህ ያህል ደስታ መሸጋገሩ ሌላ አደጋ እንዳያመጣ ሠጉ። መንፈሳዊ ሰው ሆነው ሳለ የሐኪም ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ደስታው እውነተኛ የጌታ ሥራ መሆኑንና ሰውዬው ሕመምተኛ መሆኑን አብረው ለመያዝ አልተቸገሩም። ከእኛ ዘንድ ግን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚከብደን ብዙዎች ነን።

በ1765 ከዚያ ወጥቶ በሃንቲንግደን ከተማ ተቀመጠ፤ በዚያም የቄስ ሞርሊ አንዊን ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀበለው። ቄሱ በ1767 ከፈረስ ወድቀው ሲሞቱ፥ ባለቤታቸው ሜሪ አንዊንና ኩፐር ጆን ኒውተን ወደሚያገለግልባት ኦልኒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። ኒውተንን ታውቁታላችሁ፤ ቀድሞ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረው፣ አሜዚንግ ግሬስ የተባለውን መዝሙር የጻፈው ነው። የሁለቱ ቤት በአንድ የፍራፍሬ ቦታ ብቻ ይለያይ ነበር፤ በዚያ ለማለፍ ለባለቤቱ በዓመት አንድ ጊኒ ይከፍሉ ነበር። ኦልኒ ዳንቴል እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች የበዙባት ከተማ ነበረች። ኩፐር ከኒውተን ጋር እየዞረ ድሆችንና ሕሙማንን ይጠይቅ ነበር።

የመጀመሪያው ያልታሰበ ፍሬ ከዚያ ወዳጅነት ተገኘ። ኒውተን ለጸሎት ስብሰባዎቹ መዝሙር ይጽፍ ነበርና ኩፐርም እንዲጽፍ ጠየቀው። አንድ የመዝሙር መጽሐፍ አብረው ለማውጣት አሰቡ። በ1773 መጀመሪያ ግን ሕመሙ ተመልሶ መጣ። በየካቲት ወር ባየው አስፈሪ ሕልም እግዚአብሔር ለዘላለም እንደ ጣለው አመነ። ከዚያ በኋላ በቀሪዎቹ 27 ዓመታት ያ አሳብ ፈጽሞ አልለቀቀውም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፤ መጸለይም ለእኔ አልተፈቀደልኝም ብሎ ተወ። ሜሪና ኒውተን ግን አልተዉትም። ኒውተን ከዓመት በላይ በገዛ ቤቱ አስቀመጠው። መጽሐፉም በ1779 የኦልኒ መዝሙራት ተብሎ ታተመ። ከ348ቱ መዝሙሮች ከ60 በላይ የሚሆኑት የኩፐር ናቸው። እኔ ድኛለሁ ብሎ ማመን ያቃተው ሰው በጻፈው መዝሙር ስንቱ ተጽናንቶ ድኗል!

አንዳንዶች ኩፐርን ያሳበደው የኒውተን ጠንካራ ትምህርት ነው ብለው ከስሰዋል። እኔ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሕመም የመጣው ኒውተንን ከማወቁ ዓመታት በፊት ነው። ኒውተን ምናልባት ሰውዬው ከሚችለው በላይ በስብሰባ ፊት አቁሞት ይሆናል፤ ነገር ግን እብድ ጓደኛውን በቤቱ አስቀምጦ ያስታመመ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጥንቸሎቹ እንምጣ። በ1774 ኩፐር ማንበብም መጻፍም አልቻለም ነበር። የጎረቤት ልጆች አንዲት የዱር ጥንቸል ግልገል ይዘው ሲጫወቱባት ሰለቿትና አባታቸው ለኩፐር ሰጠው። እርሱም አእምሮውን የሚይዝበት ነገር ይሆነኛል ብሎ ተቀበለ። ወሬው ሲሰማ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጥንቸል ማምጣት ጀመረ፤ ሦስቱን አስቀረ። ስማቸውን ፑስ፣ ታይኒና ቤስ አላቸው፤ ሦስቱም ወንዶች ነበሩ። አናጢ ያልነበረው ጠበቃ መጋዝና መዶሻ ይዞ ለየራሳቸው ማደሪያ ሠራላቸው። ታይኒ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተገራም፤ ሲነኩት በእግሩ ይማታ ነበር። ፑስ ግን አንድ ጊዜ ታመመና ኩፐር ለብቻው አውጥቶ፣ ልዩ ልዩ ቅጠል እየመረጠ አስታመመው። ሲድን ያስታመመውን እጅ በየጣቱ መካከል ሳይቀር እየላሰ አመሰገነው። ከዚያ ወዲያ ኩፐር ወደ አትክልት ቦታው ሲሄድ ፑስ አብሮት ይሄድ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1786 ሞተ።

ወንድሞችና እህቶች፥ በጌታ ዘንድ ተጥያለሁ ብሎ ያመነ ሰው በየጠዋቱ የሚነሣበት ምክንያት ቢያንስ ሦስት አፍ ነበረው። ጥንቸል ቁርስ ይፈልጋል። ቁርሱን ለመስጠት የነገረ መለኮት ጥያቄ መመለስ አያስፈልግም። ከጥንቸሎቹ ቀጥሎ ጠረጴዛ መሥራት፣ ሥዕል መሣል፣ የመስታወት ቤት ሠርቶ ኪያርና ሐብሐብ ማብቀል መጣ። ይህ ሁሉ ሕመሙን አላዳነውም። ቀኑን ግን አሳለፈለት።

ኒውተን በ1780 ወደ ለንደን ከተዛወረ በኋላ ክረምቱ በረታ። ኩፐር በተለይ የጥር ወርን ይፈራ ነበር፤ ክፉው ነገር የሚመጣብኝ በዚያ ወር ነው ይል ነበር። ሜሪ አንዊን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ መተው አደገኛ መሆኑን አይታ ነበርና ረጅም ግጥም እንዲጽፍ ነገረችው፤ ርእሱንም እርስዋው ሰጠችው። ኩፐር ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ባለቅኔ ነኝ ብሎም አያስብም ነበር። ግን ጀመረ። አንዱ ሌላውን እየወለደ በ1782 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። መጽሐፉ ብዙም አልተሸጠም፤ አንዳንድ ተቺዎችም ናቁት።

በዚህ መካከል ሌዲ ኦስተን የምትባል ባሏ የሞተባት ተጫዋች ሴት ወደ ኦልኒ መጣች። በ1782 በአንድ ምሽት ኩፐር ድብርት ተጭኖት ተቀምጦ ሳለ በልጅነትዋ የሰማችውን የጆን ጊልፒንን ተረት አወራችለት፤ ፈረስ ይዞት የጠፋ የለንደን ነጋዴ ታሪክ ነው። ኩፐር ሌሊቱን ሲስቅ አደረ፤ በማግሥቱም በግጥም አወጣው። ከዓመታት በኋላ ለንደን በሞላ በሳቅ ያፈነዳው ግጥም ይህ ነው። ኩፐር ራሱ ግን እጅግ አስቂኝ የሆኑትን ስንኞች የጻፈው እጅግ ባዘነበት ሰዓት እንደ ሆነ ለወዳጁ ጽፏል። ሳቁን አይታችሁ ድኗል ብላችሁ የምታስቡ ዘመዶች ካላችሁ ይህን አስቡበት።

በ1783 ደግሞ ይህችው ሴት ሚልተን እንደ ጻፈበት ዓይነት ቤት የማይመታ ረጅም ግጥም እንዲሞክር ትነዘንዘው ጀመር። ርእስ ከሰጠችው እንደሚሞክር ነገራት። እርስዋም እርሱ በማንኛውም ነገር ላይ መጻፍ እንደሚችል ነግራው፥ በቤት ውስጥ ስላለው ሶፋ እንዲጽፍ አዘዘችው። ሶፋ! እንኳን በድብርት የተያዘ ሰው፥ ጤነኛም ቢሆን ስለ ሶፋ ምን ይጽፋል?

ኩፐር ግን ትእዛዙን ተቀብሎ ባለ ሦስት እግር ከሆነችው በርጩማ ጀመረ፤ ወንበር እንዴት እንደ መጣ፣ ሶፋ እንዴት እንደ ተገኘ እያላገጠ ቀጠለ። ከዚያ ከቤት ወጥቶ በሜዳው መሄድ ያዘ። ወንዙን፣ ገበሬውን፣ የክረምቱን ምሽት ጻፈ። የባሪያ ንግድን አወገዘ። ራሱንም ከመንጋው የተለየ የቆሰለ አጋዘን አድርጎ ሣለ፤ እርሱ ራሱ ተወግቶ የነበረ አንድ ጌታ አግኝቶት ቀስቱን እንደ ነቀለለት ተናገረ። መጨረሻው ላይ ፍጥረት ሁሉ ስለሚታደስበት ቀን ነው። ስድስት መጻሕፍት፣ 5,000 ያህል ስንኞች ወጡት። ስሙንም የተሰጠ ሥራ ማለት የሆነውን ዘ ታስክ አለው። በ1785 ሲታተም ኩፐር በእንግሊዝ ታላቅ ከሚባሉት የዘመኑ ባለቅኔዎች አንዱ ሆነ።

ያልጠበቀው ደመወዝ ግን ዝናው አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ጠፍታበት የነበረችው የአጎቱ ልጅ ሌዲ ሄስኬት፥ የቴዎዶራ እህት፥ ጽሑፉን አይታ ደብዳቤ ጻፈችለት። በ1786 መጥታ ጎበኘችው፤ በዚያው ዓመት እርሱና ሜሪ ዌስተን ወደሚባለው የተሻለ መንደር ተዛወሩ። ስሙን ካልገለጠ ሰው ገንዘብና ስጦታ ይመጣለት ጀመር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ላኪዋ ቴዎዶራ እንደ ነበረች ያምናሉ። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ፍቅር በአንድ የሶፋ ግጥም በኩል በሩን አንኳኳ ማለት ነው።

በ1787 ሕመሙ እንደገና ጣለው፤ ለስድስት ወር ያህል ብዕር አልጨበጠም፤ ሞትንም ሞከረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ገና ሲያገግም፥ አንድ እንግዳ በሩ ላይ ቆመ። በኖርዝአምፕተን የሚገኝ የአንድ ደብር ጸሐፊ ነበር። በየዓመቱ በከተማው የሞቱት ሰዎች ዝርዝር ሲታተም ከሥሩ የሚሆን ግጥም እንዲጽፍለት ለመነው። ኩፐር በዚያው ከተማ የታወቀ ገጣሚ ድንጋይ ጠራቢ መኖሩን አስታወሰው። ጸሐፊው ደግሞ ያ ሰው የተማረ ስለ ሆነ ሕዝቡ የሚጽፈው እንደማይገባው አስረዳ። እንግዲህ ይህ ለኩፐር ምስጋና ነው ወይስ ስድብ? ኩፐር እየሳቀ ተስማማ። እስከ 1793 ድረስ ስድስት ጊዜ ጻፈለት። በእንግሊዝ ሁሉ ስሙ የሚጠራው ሰው ለአንድ ደብር የሟቾች ዝርዝር ሲጽፍ ኖረ። ሞትን ሲመኝ የነበረ ሰውም ሕያዋንን ለሞት እንዲዘጋጁ ያሳሰበው በዚህ ሥራ ነው።

በ1788 ወዳጆቹ የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ግጥሞች እንዲጽፍ ጠየቁት። የነገሩ ጭካኔ መንፈሱን ስለሚያውከው አልወደደም ነበር። ሆኖም ጥቂት ጻፈ። ከእነርሱ አንዱ፥ በባርነት የተሸጠ አፍሪካዊ የሚናገርበት፥ በብዙ ሺህ ቅጂ ተባዝቶ በእንግሊዝ ተሠራጨ። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከዚያ ግጥም ስንኞችን በንግግሮቹ ይጠቅስ ነበር። ኩፐር ይህን እንዴት ሊያውቅ ይችል ነበር?

ሁሉም ሥራ ግን እንዲህ አልሆነለትም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም። በ1791 የሆሜርን ትርጉም አሳትሞ ደስ ሲለው፥ የሚልተንን ሥራዎች አዘጋጅቶ እንዲያሳትም ኀላፊነት ወሰደ። ያ ሥራ አልሄደለትም። ሜሪ አንዊን በዚያን ጊዜ ሽባነት መትቷት ነበርና፥ ሃያ ዓመት እርስዋ ያስታመመችው ሰው አሁን እርስዋን ያስታምም ነበር። ሚልተን በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ይወቅሰው ነበር። አልጨረሰውም። ነገር ግን በዚሁ በከሸፈው ሥራ ምክንያት ስለ ሚልተን ይጽፍ የነበረ ዊልያም ሄይሊ የተባለ ደራሲ ወዳጁ ሆነ፤ ሄይሊም ደጅ ጠንቶ በ1794 ከንጉሡ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ አስገኘለት። ጡረታው ሲመጣ ኩፐር እንደገና በጨለማው ውስጥ ስለ ነበር የተደሰተበት አይመስልም።

ሊቲየም የተባለው መድኃኒት ለዚህ ዓይነት ሕመም እንደሚረዳ በአውስትራሊያዊው ሐኪም በጆን ኬድ የታወቀው በ1949 ነው። ኩፐር ይህን አላገኘም። እኛ ግን በዘመናችን ሐኪምና መድኃኒት አለን። መድኃኒት የሚውጥ ወንድማችሁን እምነቱ ደከመ አትበሉት። ኩፐር ቢያገኘው ይውጠው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሐኪሙን ዶክተር ኮተንን እስከ መጨረሻው በፍቅር ያስታውስ ነበርና።

በ1795 ወጣት ዘመዱ ጆን ጆንሰን ሁለቱን ሕመምተኞች ወደ ኖርፎክ ወሰዳቸው። ሜሪ በታኅሣሥ 1796 በዚያ ሞተች። ኩፐር ከሰው ጋር መነጋገር እየተወ ሄደ። ጆንሰን ግን አንድ ዘዴ አሰበ። ሌላ ሰው የተረጎመው ሆሜር ከነማብራሪያው ታትሞ ነበርና፥ መጽሐፉን ኩፐር በየቀኑ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ እንደ ዘበት ትቶት ሄደ። ምንም አልተናገረም፤ አልለመነም። ኩፐር አንድ ቀን ቆም ብሎ ገለጠው። ከዚያም ከራሱ ትርጉም ጋር ማነጻጸር ጀመረ። ቀስ በቀስ የራሱን ሆሜር ማረም ያዘ። አንዳንድ ጊዜ ያቆመዋል፤ ጆንሰን እንደገና ወረቀቱን ያቀርብለታል። በመጋቢት 1799 እርማቱን ጨረሰ።

በዚያው ወር በማዕበል መካከል ከመርከብ ስለ ወደቀ መርከበኛ የመጨረሻውን ታላቅ ግጥሙን ጻፈ። ተስፋ የሌለበት ግጥም ነው፤ ላለሳልሰው አልሞክርም። በሚያዝያ 25 ቀን 1800 በኢስት ዲርሃም ከተማ ሞተ። በአልጋው አጠገብ የነበረው ጆንሰን እንደ ጻፈው፥ ኩፐር ነፍሱ ከወጣች በኋላ ፊቱ ለዓመታት ያልታየበት እርጋታ ነበረበት፤ ከእርጋታውም ጋር የተቀላቀለ፥ ያልጠበቀውን ነገር ያየ ሰው ዓይነት ቅዱስ መደነቅ ይታይበት ነበር።